የወይዘሮ ይታይሽ ሩዝና ዘጠና ዘጠኝ በመቶ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ቤታችን ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ልጄ የላፕቶፗን ጎን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታችው። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው፤ ዕቃ የመምታት ዐመል የላትም። ምን ሆነሽ ስላት ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ለወራት ስትጠብቀው የነበረው ጌም ያን ቀን ወጥቶ ኖሯል። የሚያወርደው ፕሮግራም ግን ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ላይ ደርሶ ቆሟል። ከሥሩ በትሕትና የተጻፈ ይቅርታ አለ፤ ብዙ ሰው ስለመጣብን ነው፣ እባክዎ ጥቂት ይታገሡን ይላል።

ሳቅሁ። ደግ ሳቅ አልነበረም፤ ልጄም ገብቷታል። ያን ይቅርታ ከሃያ ዓመት በፊት ወረታ ላይ አንብቤዋለሁ። ዓለም ተለውጧል፣ ስልኩ ተለውጧል፣ መንግሥትም ተለውጧል፤ እነዚህ ሰዎች ግን አሁንም ሳይጨርሱ ይለቃሉ፣ ከለቀቁ በኋላ ይቅርታ ይጠይቃሉ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ ወረታ ከሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በመረጃ ባለሙያነት ተመድቤ ነበር። ባለሙያነቴ ሪፖርት መተየብና ግምገማ ላይ መቀመጥ ነው። በግምገማው ሁሉም በየተራ ተነሥቶ ጉድለት እንደነበረበት ያምናል፤ ካመነ በኋላ ወደ ጉድለቱ ይመለሳል። የምኖረው ጋሽ ዘለቀ በሚባሉ የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት ግቢ ውስጥ፣ ከማሽን ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። መብራቴም ከማሽኑ መስመር ነው፤ ኢንተርኔት የምጠቀምበት የስልክ ገመድም የእሳቸው ነበር።

ጋሽ ዘለቀ ረጅም፣ ቁጥብና ችኩል ሰው የማይወዱ ነበሩ። በክረምት የሚተኛው ውኃ ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ ሩዙ ሲታጨድ፣ ከኅዳር ጀምሮ ገበሬው በአህያና በጋሪ እየጫነ ግቢያቸውን ይሞላዋል። እሳቸው ታዲያ አንድ ሕግ አላቸው። የማንም ጆንያ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት አፉ ይፈታል፤ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ያስገቡና ከመሐል አንዲት ፍሬ አውጥተው በመንጋጋቸው ይነክሷታል። ቀጭ ካለች ደርቋል፤ ይገባል። ካላለች ባለሩዙ ማንም ይሁን ማን ጭኖ ይመለሳል፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ይመጣል። እርጥብ ሩዝ ማሽን ውስጥ ይሰባበራላ። አንድ ቀን የደብሩ አለቃ የላኩትን ሦስት ጆንያ ነክሰው፣ "ለአባታችን ገና ነው በልልኝ" ብለው ሲመልሱ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ግትርነት መስሎኝ ነበር።

ጓደኛዬ ደሳለኝ ይባላል፤ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነው። ማታ ማታ ሽሮና የሩዝ እንጀራችንን በልተን (የሩዝ እንጀራ ትኩሱን ካልበሉት ለነገ አይሆንም፤ እንደ ብስኩት ይሰበራል) እየገጣጠምን በሠራነው ኮምፒውተር አንድ የጦርነት ጌም እንጫወት ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል አንድ ላይ ጨርሰን ሁለተኛውን ለዓመታት ጠበቅን። በዚያ ኅዳር የደሳለኝ ሥራ አለቀና ወደ አፋር ተዛወረ። ጌሙ በዓለም ሁሉ የሚለቀቀው ደሳለኝ ወረታን ሊለቅ አንድ ቀን ሲቀረው ሆነ። ውጭ አገር ያለ ዘመዱ ቀደም አድርጎ ኦሪጂናሉን ዲስክ ልኮለት ስለነበር በዚያች አንድ ቀን ሁለታችን አብረን ልንጀምረው ተማማልን። ዛሬ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልነበረንም።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ዲስኩ እጃችን ላይ አለ፤ ጌሙ በሙሉ ዲስኩ ውስጥ አለ። አይከፈትም። ሠሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የማውረጃ ፕሮግራም አዘጋጅተው ኖሯል፤ ያ ፕሮግራም ከኢንተርኔት የቀረውን ቁራጭ አምጥቶ ካልገጠመው በቀር ዲስኩ ግዑዝ ፕላስቲክ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። የፕሮግራሙን ሙያ ደግሞ ልንገራችሁ። መብራት ብልጭ ብሎ ቢጠፋ ካቆመበት መቀጠል አያውቅም፤ ከዜሮ ይጀምራል። በሬ እንኳ መሐል ማሳ ላይ ብታቆመው ትልሙን ሳይረሳ ይጠብቅሃል። ይህን የጻፈ ሰው መብራትና ስልክ የማይቋረጥበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ቡናውን እየጠጣ፣ ሌላው ዓለም ሁሉ እንደ እሱ ክፍል መስሎት ነው።

የዕረፍት ፈቃድ ወስጄ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጀመርን። አርባ በመቶ ላይ ሳለ የጋሽ ዘለቀ ማሽን ተነሣ፤ መብራቱ ዋዠቀ፤ ኮምፒውተሩ ጠፋ። እንደገና ከዜሮ። ሃያ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ቆሞ እንደገና ሲነሣ መብራቱ ዋዠቀ፤ እንደገና ከዜሮ። ደሳለኝ ፀጉሩን እየነጨ ክፍሏን ይዞራታል። ያኔ ነው ያን ሥራ የሠራሁት።

ወደ ማሽን ቤቱ ሄድኩ። ጋሽ ዘለቀ ከአንዲት ሴት ጆንያ ፍሬ አውጥተው እየነከሱ ነበር። ቀጭ አለች።

"ደርሷል፣ እታለም። ተራው ያንቺ ነው" አሏት።

ሴትዮዋ ወይዘሮ ይታይሽ ትባላለች፤ ከሜዳው ውስጥ ካለች ሩቅ ቀበሌ አራት ጆንያ በሰው ጋሪ አስጭና የመጣች፣ ነጠላዋ በሐዘን ጥቁር የተጠለፈ። ለባሏ ሙት ዓመት ለእሁድ የሚሆነውን ሩዝ ልታስፈለፍል ነበር።

"ጋሽ ዘለቀ" አልኩ፣ "ከአዲስ አበባ አስቸኳይ የመንግሥት ሥራ መጥቶብኝ ነበር። ማሽኑ ሲነሣ መብራቱ እየዋዠቀ ኮምፒውተሬን ያጠፋብኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ቢያቆሙልኝ።"

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ። "የመንግሥት ሥራ ነው?"

"አዎ።"

"ተራው የእሷ ነው። እሷኑ ለምናት።"

ልለምናት ዞር ስል ቀድማኝ፣ "የመንግሥት ሥራ ከሆነማ ምን ይደረጋል፣ ልጄ" አለች። "እጠብቃለሁ። እሁድ ገና ሁለት ቀን አለ።"

በዚያ ዘመን በዚያ አገር እነዚያ ሁለት ቃላት የማይከፍቱት በር አልነበረም። እኔም ለጌም ከፈትኩባቸው።

ማሽኑ ቆመ። ሠራተኞቹ ተበተኑ፤ ወረፋ ይጠብቅ የነበረው ገበሬ ወደ ገበያ ወጣ፤ ጋሽ ዘለቀ ማሽን ቤቱን ቆልፈው ለቅሶ ቤት ሄዱ። ወይዘሮ ይታይሽ ብቻ አፋቸው የተፈታ ጆንያዎቿን ደጅ ከግድግዳው አስደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ከመሐረቧ ንፍሮ እየቆነጠረች ቀረች። በመስኮት ትታየናለች፤ እኛም እንታያታለን።

እኛ ጋ ቁጥሩ ይወጣል። ሠላሳ። ሃምሳ። ሰባ። ምሳ አልበላንም። ሰማንያ ላይ ሲደርስ ደሳለኝ ወንበሩን አስተካከለ። ዘጠና ላይ እኔም ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። ከቀትር በኋላ ዘጠና ዘጠኝ አለ፤ አለና ቆመ።

በዚያው ሰዓት ቆርቆሮው ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ። ኅዳር ነው፣ ዝናብ አይጠበቅም። ሌላ ጠብታ ወደቀ፣ ከዚያ ዶፍ ሆነ። ወዲያው የወይዘሮ ይታይሽን ድምፅ ሰማን።

"ኧረ ሸራ! ኧረ የሰው ያለህ!"

ደሳለኝ ከወንበሩ ብድግ አለ። ክንዱን ያዝኩት። "አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ አለቀ እኮ" አልኩት። ገመዱን ብንነካው፣ በሩን ስንከፍት ንፋስ ቢገባ፣ አላውቅም ምን እንደፈራሁ። ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለታችንም ዐይናችንን ከዚያች ቁጥር ላይ ሳንነቅል፣ ጆሯችን እየሰማ፣ ተቀመጥን። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ጠራች፤ ሦስተኛውን አልጠራችም።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ አንድ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለ። ከየአገሩ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስለመጣ ሰርቨሩ ተጨናንቋል፤ ላጋጠመው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን፤ እባክዎ እንደገና ይጀምሩ። ሥሩ ያለው ምልክት "እሺ" ብቻ ነው። ሌላ ምርጫ የለም። እሺ አልኩት፤ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ስንት ሰው እንደሚመጣ አስቀድመው ያውቃሉ፤ ዲስኩን የሸጡት እነሱ ናቸው! ድግስ ጠርቶ፣ እንግዳው ሲመጣ በር ዘግቶ፣ "ብዙ ሆናችሁብን" የሚል ባለድግስ ፎገራ ውስጥ ቢኖር ከዚያ በኋላ ሰው ደጁን አይረግጥለትም።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል። ወይዘሮ ይታይሽ ነጠላዋን አውልቃ አንዱን ጆንያ ሸፍናለች፤ ሁለተኛው ላይ ራሷ ተደፍታበታለች። የቀሩት ሁለት ጆንያዎች ዳር እስከ ዳር በስብሰው አንደኛው ተንጋሎ ሩዙ ጭቃው ላይ ፈሷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የቸኮልነው እኛ፣ የፈሰሰው የእሷ።

ጋሽ ዘለቀ ከለቅሶው እየሮጡ መጡ። ማንንም አልጠየቁም። ከረጠበው ጆንያ አንዲት ፍሬ አውጥተው ነከሱ፤ ድምፅ አልነበራትም። እንትፍ አሏት።

"የመንግሥቱ ሥራ አለቀ?" አሉኝ።

ደሳለኝ መዋሸት አልቻለም። "ጋሼ፣ የመንግሥት ሥራ አልነበረም። ጌም ነው፤ የኮምፒውተር ጨዋታ።"

ስድብ ጠበቅሁ። ወይዘሮ ይታይሽ ጭቃውን ከእጇ እየጠረገች ቀና ብላ አየችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

"ጨዋታ ነው ብትለኝም ተራዬን እለቅልህ ነበር። ልጅ አይደለህ? ስጠራህ ግን ትሰማኝ ነበር" አለች።



ጋሽ ዘለቀ ከራሳቸው ጎተራ ደረቅ ሩዝ አውጥተው፣ ያንኑ ሰዓት ፈልፍለው፣ በጋሪ አስጫኑላት። "ለሙት ዓመቱ ይድረስልሽ፤ ያንቺ ሲደርቅ ለእኔ ይሆናል" አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ያንን ያልደረቀ ነገር የላከብህን ሰውዬ አታውቀውም?"

"አላውቀውም፣ ጋሼ። ፈረንጅ ነው፣ ባሕር ማዶ ነው።"

"እንግዲያ እሱን ትተህ ይኸን አድርቅ።"

ደሳለኝ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈረ። ከመሳፈሩ በፊት መጥቶ ጭቃ የነካውን ሩዝ አንድ ሰዓት ያህል አብሮኝ ለቀመ፤ ስለ ጌሙ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ወዲህ በስልክ እንገናኛለን፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን የተጫወትንበት ቀን ግን የለም። የቀረ ፈቃዴን ግቢው መሐል በተዘረጋ ሸራ ላይ በባዶ እግሬ ሩዝ ስገላብጥ ጨረስኩት። ወፍ አባርራለሁ፤ ፍሬ እያነሣሁ እነክሳለሁ። የመጀመሪያው ቀን ለስላሳ ነበረች፤ ሁለተኛው ቀን ድምፅ ሳታሰማ ተሰበረች፤ በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ቀጭ አለች። ጋሽ ዘለቀም ነከሱ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አስገቡት።

ከወር በኋላ እነዚያ ሰዎች ፕሮግራማቸውን አሻሽለው አዲስ አወጡ። በዐሥር ደቂቃ ከፈተው። ጌሙ ራሱ ግሩም ነበር፤ ይበልጥ የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ያን የመሰለ ሥራ ሠርተው፣ አንድ ወር ብቻ ፀሐይ ላይ ማስጣት አቅቷቸው፣ ዓለምን ሁሉ ለእነሱ እንዲነክስ አሰለፉት። ብቻዬን ግማሽ ሰዓት ተጫውቼ አጠፋሁት።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። እኔንም ሠሪዎቹንም ታዘበች።

"ታዲያ አባዬ፣ ማንን ነው የምትንቀው? እነሱን ነው ወይስ ራስህን?" አለችኝ።

"እነሱን መናቅ ይቀላል" አልኳት።

ወዲያው እናቷ ከጓሮ ጠራቻት፤ የውኃውን ጀሪካን አብራት እንድታነሣ ነው። ልጄ ዐይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ "አንድ ደቂቃ፣ እማዬ፣ አለቀ እኮ" አለች። ቁጥሩ አሁንም ዘጠና ዘጠኝ ላይ ነበር።

ላፕቶፑን እጄን ዘርግቼ ከደንኩት። "ተጠርተሻል፣ ተነሺ" አልኳት።