የወይዘሮ ኦርፋ ፊርማ

ዴልፊያ ስቲድሃም በሎስት ፎርክ ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመት ድንች ስትጨልፍ፣ ሳህን ስታጥብ ኖራለች። ልጆቿ አድገው ከቤት ከወጡ፣ ባሏም ሌላ ሴት ይዞ ወደ ኦሃዮ ከተሻገረ በኋላ፣ አርባ ሲሞላት ተነሥታ የሥነ ልቦና ምክር ተማረች። የመጀመሪያውን ዲግሪ በግማሽ እንቅልፍ፣ ማስተርሱን ደግሞ ያለ እንቅልፍ ጨረሰችው። የተመረቀች ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ «እንግዲህ ተገላገልሽ» አላት። እሷ ግን ገና እንደሆነ ታውቃለች።

ማስተርሱ ከሰው ፊት ተቀምጦ የሰውን ቁስል ለመስማት ብቻውን አያበቃም። ፈቃድ ባለው ሰው ሥር ሁለት ዓመት መሥራት፣ በየሳምንቱም በዚያ ሰው ፊት ቀርቦ ሥራን ማስመርመር አለ። በመጨረሻ ያ ሰው «ብቁ ናት» ብሎ ሲፈርም ቅጹ ለፈቃድ ሰጪው ቦርድ ይላካል፤ ፈተናውም ይቀጥላል። ፊርማው ከሌለ ሁለቱን ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው።

በዚያ ወረዳ የመፈረም መብት ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ወይዘሮ ኦርፋ ኒስ። ቀጥሎ ያለው ተቆጣጣሪ ተራራውን ተሻግሮ ዘጠና ማይል ይርቃል።

ወይዘሮ ኦርፋ ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። ድምፃቸው ከፍ ብሎ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ጠዋት በክሊኒኩ የጓሮ ክፍል ሠልጣኞቻቸውን ያስቀምጡና ከታካሚ ጋር የተደረገውን ንግግር ከመቅጃው ያሰማሉ። ታካሚዎቹ ለዚህ አስቀድመው ፈርመዋል። ሠልጣኟ አንድ የማጽናኛ ቃል ስትናገር ወይዘሮ ኦርፋ ጣታቸውን ይዘረጉና ያቆሙታል።

«ይቺ ቃል ለማን ነበረች? ለሰውየው ወይስ ላንቺ?»

ዴልፊያ በሁለት ዓመት ውስጥ ለዚህ ጥያቄ አንድም ትክክለኛ መልስ አግኝታ አታውቅም። አብራት የምትሠለጥነው የሰባኪው ልጅ ካሊስታ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እሷ አንዳንዴ ይሳካላታል።

ከዴልፊያ ታካሚዎች አንዱ አቶ ዌንደል ፊውጌት ነበሩ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የድንጋይ ከሰል ሲቆፍሩ አቧራው ሳንባቸውን በልቶት፣ የኦክስጅን ሲሊንደር በጋሪ እየጎተቱ ይሄዳሉ። ሚስታቸው ኦፓል የሞተች ጊዜ ምግብ እምቢ ስላሉ ነው ሐኪሙ የላካቸው። ንግግሩ ይቀዳል ሲባሉ፣ «ይቀዳ። ይህን ድምፅ ሚስቴ አርባ አራት ዓመት ሰምታዋለች፤ እሱ አይደለም የገደላት፤ ስኳር ነው» ብለው ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሐሙስ ሙሉ ዝም።

በአራተኛው ሐሙስ ኦፓል በሕይወት ሳለች በኮምጣጤ የዘፈዘፈችውን ፎሶሊያ በአፈ ሰፊ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ከታካሚ ስጦታ እንደማይወሰድ ዴልፊያ ተምራለች፤ ፈተናው ላይም ይጠየቃል። በዚያ ሸለቆ ግን ሰው ያመጣውን ምግብ መመለስ ደጃፉ ላይ እንደ መትፋት ነው። የሟች እጅ የነካውን ደግሞ እንዴት አድርጋ ትመልስ? ተቀበለች። የጠርሙሱም ጉዳይ አለ፤ ባዶ ዕቃ የመለሰ ሰው «ሁለተኛ እንዳታመጣ» እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ራሷ ያበሰለችውን የፖም ማርማላታ ሞልታ ሰጠቻቸው። አልደበቀችም፤ ለወይዘሮ ኦርፋም አልተናገረችም።

ሁለት ዓመቷ ዓርብ ሞላ። ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ኦርፋ የአቶ ዌንደልን ንግግር ከፈቱ። «ማርማላታሽ ከኦፓል ማርማላታ ይሻላል። ይህን ብትሰማ ከመቃብር ወጥታ ታንቀኛለች» ይላል የሽማግሌው ድምፅ። «ሦስት ጠዋት ተከታትዬ ዳቦ በላሁ።» ቀጥሎ የዴልፊያ ሳቅ ይሰማል። ጣት ተዘረጋ፤ መቅጃው ቆመ።

«የምን ማርማላታ ነው?»

«ፎሶሊያ አምጥተውልኝ ነበር። ጠርሙሱን ባዶውን መመለስ…»

«ባዶውን መመለስ ምን?»

«ነውር ነው። እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎት፤ ያውቁታል።»

ካሊስታ አቀረቀረች። ወይዘሮ ኦርፋ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት።

«አዎ፣ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ለዚህ ነው ሠላሳ ዓመት ከማንም ታካሚ አንዲት ዕንቁላል ሳልቀበል የኖርኩት። አንቺ ግን ዛሬም የምግብ ቤቷ ሴትዮ ነሽ። ሰው ሲያዝን ጭልፋ ታነሺያለሽ።»

ካሊስታ ሳቋን በእጇ አፈነችው። ዴልፊያ ፊቷ ጋለ።

«ቅጽሽ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ነው» አሉ ወይዘሮ ኦርፋ። «ሐሙስ ሰውየው ሲመጡ ትነግሪያቸዋለሽ። ስጦታ መለዋወጤ ጥፋት ነው፤ ወዳጅዎ አይደለሁም፤ ከዛሬ ጀምሮ የምታይዎት ካሊስታ ናት፤ ትያለሽ። ይቀዳ። ሰኞ እሰማዋለሁ።»

«አንድ ወር ይስጡኝ። ቀስ ብዬ ላለማምዳቸው።»

«አንድ ወሩ ለማን ነው? ለሳቸው ወይስ ላንቺ?»

«ባልነግራቸውስ?»

«አልፈርምማ። ተራራውን ተሻገሪና ሌላ ተቆጣጣሪ ፈልጊ። እዚያ ሁለት ዓመትሽን ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ። ስንት ዓመትሽ ነው፣ አርባ ስምንት?»

ዴልፊያ ሦስት ቀን ከራሷ ጋር ተሟገተች። ካሊስታ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ሽማግሌው ይለምዷታል፤ ደግሞስ ሕጉ ሕግ አይደለም ወይ፣ ስትል ሰነበተች። ይህን ባሰበች ቁጥር ግን የትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት እንፋሎት ፊቷ ላይ ይመጣባታል። እውነቱ እሱ ነበር። ወደዚያ መመለስ ፈራች።

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አቶ ዌንደል ጢማቸውን ተላጭተው፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ባለፈው ሳምንት ዴልፊያ የጠየቀቻቸውን የኦፓልን ፎቶግራፍ ይዘዋል። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሊያዩት አቅቷቸው ከሣጥን ሥር የከረመ ነው።

«ያው፣ አመጣኋት» አሉና ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። «ዛሬ እናያታለን ብለሽ የለም? ያንቺን ማርማላታ ማመስገኔን እንዳትነግሪብኝ።»

ዴልፊያ መቅጃውን ከፈተች። ፎቶግራፉን ሳታይ፣ ያጠናችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረችው። ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሟት፤ የሩቅ ድምፅ የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር።

«ፎሶሊያው ተበላሽቶ ነበር እንዴ?»

«አልተበላሸም፣ አቶ ዌንደል።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወዳጅ መስዬ ታየሁ። ወዳጅዎ አይደለሁም።»

«አይደለሽም?»

«አይደለሁም።»

አቶ ዌንደል ፎቶግራፉን አንሥተው በሸሚዛቸው ጠረጉና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ጉድጓድ ውስጥ ጣሪያው ከመውረዱ በፊት ይንቋቋል፣ የኔ ልጅ። ድንጋይ እንኳ ይነግርሻል። አንቺ ግን ምንም አልነገርሽኝም።»

ተነሡ። ጋሪያቸውን ይዘው በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ዞር አሉ።

«ያ ነገር አሁንም ይቀዳል?»

«ይቀዳል።»

ተመልሰው መጡና ወደ መቅጃው ጎንበስ አሉ፤ ለመጎንበስም ሁለት ጊዜ መተንፈስ አስፈለጋቸው። «ለሚሰማው ሰው» አሉ፣ «እኔ ዌንደል ፊውጌት ነኝ። ይቺ ልጅ ጥሩ ናት። በኔ ምክንያት ነገር እንዳታበዙባት።»

ከዚያ ወጡ።

ሰኞ ወይዘሮ ኦርፋ ንግግሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰሙት። በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቦታ አላቆሙትም። የሽማግሌው የመጨረሻ ቃል ሲሰማ ካሊስታ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም።

«ይኸው» አሉ ወይዘሮ ኦርፋ። «ሥራ ማለት ይሄ ነው። አንቺስ ካሊስታ፣ ደወልሽላቸው?»

«ደውዬ ነበር። አይመጡም። ‹ባንቺ አይደለም ቅያሜዬ፤ የምናገረው አለቀብኝ እንጂ› አሉኝ። ይበላሉ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ስልኩን ዘጉት።»

«ምርጫቸው ነው» አሉ ወይዘሮ ኦርፋና መሳቢያውን ስበው ቅጹን ለዴልፊያ ሰጧት።

ፊርማው ከነማኅተሙ ነበር። ዴልፊያ ከፊርማው ሥር ያለውን ቀን አነበበች። ተሳስታ እንዳይሆን ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየች፤ ቀጥሎም እንደገና ቅጹን።

«ይሄ እኮ ያለፈው ሰኞ ነው።»

«አዎ። እናንተ ከመግባታችሁ በፊት ነው የፈረምኩት። ዓርብ ሞልቶልሻል፤ ብቁ ነሽ።»

«ባልነግራቸውም ይሰጡኝ ነበር?»

«እሰጥሽ ነበር። ትንሽ ተሳድቤ።»

«ታዲያ ለምን?»

ወይዘሮ ኦርፋ መሳቢያውን መልሰው ዘጉት። ነገሩ የማያሳፍራቸው መሆኑ ከፊታቸው ይነበባል። «ስትፈሪ ምን እንደምታደርጊ ማወቅ ፈለግሁ። አንቺም ብታውቂው ይሻላል።»

«አሁን ቤታቸው ሄጄ ልንገራቸው?»

«ምን ብለሽ? ወዳጅዎ ነኝ ብለሽ? ዛሬ ቅጹ እጅሽ ስለገባ ነው ወዳጅ የሆንሽው?»

ዴልፊያ ወረቀቱን እንደያዘች ቆመች። መቅደድ ይቻል ነበር፤ ቀጭን ነው። ካሊስታ ቀና ብላ ታያታለች፤ የምትጠብቀውም ይህንኑ ይመስላል። ዴልፊያ ቅጹን ሳይጨማደድ ሦስት ቦታ አጠፈችው። ወይዘሮ ኦርፋን አመሰገነች። ወጣች።

እንግዳ ተቀባይዋ ራሞና ከመስኮቷ ሆና ጠራቻት። «ዴልፊያ፣ የሐሙስ ስምንት ሰዓትሽ ባዶ ሆኗል። ወረፋ ላይ ሰባት ሰው አለ፤ ማንን ላስገባልሽ?»

«ቀድሞ የተመዘገበውን» አለች ዴልፊያ። «ደግሞ ቅጹን ለቦርዱ የምልክበት ፖስታና ቴምብር ካለሽ ስጪኝ። ደብዳቤ ወሳጁ ሳይሄድ ልድረስበት።»