ተቃውሞ ያለው አለ?

ባለፈው ሳምንት ለባለቤቴ አርባ ጠላ መጥመቂያ ጌሾ ልገዛ ሰኞ ገበያ ወርጄ ነበር። በሰው መሐል ስጋፋ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና መጣች። መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ፣ አዲስ ፈቃድ የሚፈልግም በቀበሌው ነዋሪ ፊት ይቀርባል ትላለች። ጌሾ ሻጯ ጥቁር ልብሴን አየችና «እማማ፣ ይኼ እንኳ እርስዎን አይመለከትም» አለችኝ። ጌሾዬን ተቀብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። እንዴት እንደሚመለከተኝ ቆሞ የሚወራ አይደለም፤ ቀስ ብዬ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያደግሁት ቦሩ ሜዳ ነው። ጥቅምት ነበር፤ ማለዳ ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፣ ረፋድ ላይ የባቄላ እሸት እየፈለፈልን ፀሐይ እንሞቃለን። አባቴ ክረምቱ ሳይወጣ ሞቶ ነበር። ከመታመሙ በፊት በድንበር ጠብ ጎረቤታችን በዱላ መትቶታል። የገደለው ዱላው ይሁን በኋላ የያዘው ሳል እግዜር ያውቃል፤ አገሩ ግን ዱላው ነው ብሎ ፈረደ። በለቅሶው ላይ አንዲት አልቃሽ ወንድሜን ይመርን እያየች እንዲህ አለች፦

አባቱ ተኝቶ ሲበላው አፈሩ፣
ልጁ ይበጠራል ያማረ ጠጉሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይመር ጠጉሩን አልተቆረጠም፣ አላበጠረም። በእኛ አገር እንዲህ የሚያደርግ ደም ሊመልስ የማለ ሰው ነው። የሚያደባውም ለጎረቤታችን ትልቅ ልጅ እንደሆነ ሕፃን ሁሉ ያውቅ ነበር።

የአባቴ ጠመንጃ፣ ምንሽሩ፣ እሱ ሲሞት ቀበሌ ገብቷል። ወራሽ በስሙ ፈቃድ ካላወጣ አይሰጠውም። ፈቃድ ደግሞ የሚገኘው ሊቀ መንበሩ በስብሰባ ላይ «ተቃውሞ ያለው አለ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተሰበሰብን። ይመር ጎፈሬውን እንደ ጎጆ ክዳን ተሸክሞ ቆመ። ሊቀ መንበሩ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። የጎረቤታችን ትልቅ ልጅም እዚያው ነበር፤ ቢቃወም ፈራ ሊባል ነው፣ ጋቢውን ተከናንቦ ዝም አለ። ሰው በጨዋነት ሊገዳደል ነው ብዬ አሰብኩ። ተናደድኩ።

«እኔ አለኝ!» አልኩ።

«ቁጭ በይ አንቺ!» አለኝ ሊቀ መንበሩ። «ልጃገረድ ስለ ጠመንጃ ምን አግብቷት?»

«ጋሼ፣ ጠጉሩን ይዩት። ለምን እንዳልተቆረጠ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።»

አንድም እጅ አልወጣም። ከኋላ አንዱ ሳቅ አመለጠው።

የይመር ዐይን ደም መሰለ። «ሱሪዬን ላውልቅልሽ እንዴ፣ ዘነቡ?»

«ሱሪህን ምን ላደርገው! እኔ የምፈልገው አንተን ነው። አባቴን ቀበርኩ፤ ለአንተ ደግሞ እስር ቤት ስንቅ ላመላልስ?»

«ጠላትሽን ወደሽ ነው!» አለች እናቴ ከሴቶቹ መሐል። ያ ከሁሉ በላይ አመመኝ። ግን አልተቀመጥኩም።

ሊቀ መንበሩ ወደ ወንድሜ ዞረና፣ «ይመር፣ መጀመሪያ ተላጭተህ ና፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን» አለ።

አልተላጨም። ተቆጥቶ ኮምቦልቻ ወረደና ፋብሪካ ተቀጠረ። እዚያ ግን በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ጎፈሬ ይዞ መቆም ክልክል ነው አሉት። ሽማግሌ ያልደፈረውን ጠጉር አንድ አለቃ በመቀስ አወረደው። ሲነግሩኝ ሳቅሁም አለቀስኩም። ከጠጉሩ ጋር ቁጣውም ቀስ በቀስ ወረደ፤ እኔን ግን ለዓመታት አላናገረኝም።

ያ ጋቢውን ተከናንቦ ዝም ያለው የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ ዛሬ አርባውን የምደግስለት ባለቤቴ፣ አበጋዝ። ከስንት ዓመት በኋላ ሽማግሌ ላከ፤ አገባሁት። «ይኸው፣ ያኔም ለእሱ ብላ ነው» ያሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ። ይበሉ። የቆምኩት ለወንድሜ ነው።

አበጋዝ አርጅቶ፣ በገዛ አልጋው ላይ፣ እጄን እንደያዘ ሞተ። በቀብሩ ቀን ይመር ከዘራውን እየተደገፈ ከኮምቦልቻ መጣ። ባርኔጣውን ሲያወልቅ ራሱን ለሐዘኑ ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል።

«ተላጭቼ መጣሁ፣ ዘነቡ» አለኝ።

ከአርባው በኋላ ያ በመኪና የታወጀው የቀበሌው የፈቃድ ስብሰባ አለ። ጥቁሬን እንደለበስኩ እሄዳለሁ፣ ከፊት እቀመጣለሁ። ሐዘንተኛ ቤቷ ትቀመጥ የሚል ካለ ይበል። ዛሬ ለቂም ብሎ ጎፈሬ የሚያሳድግ የለም፤ ቂም ግን ምልክት አያጣም፣ አሮጊት ዐይን ያየዋል። «ተቃውሞ ያለው አለ?» ሲሉ፣ ካየሁ እነሣለሁ።