የጦጣዋ ወሬ

ባለቤቴ ስልክ ላይ ወሬ የማያውቅ ሰው ነበር። ልጃችን እሑድ እሑድ ከናይሮቢ ስትደውል ስልኩን ቀድሞ የሚያነሳው እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ከአፉ የሚወጣው «እሺ… እሺ… እሺ በይ፣ ደህና ሁኚ» ብቻ ነው። እሷ ስለምትኖርበት ሰፈር ትተርክለታለች፣ እሱ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ሲበቃው ስልኩን ያቀብለኛል፤ እኔና እሷ ደግሞ ስለ ጉንፋኗና ስለ ምግቧ ተነጋግረን እንዘጋለን። «ምን አለችህ?» ስለው «ደህና ናት» ይላል። ጠዋት የሚሸጠውን ጨውና ገመድ ተሸክሞ ከብት ገበያ ይሄዳል፣ ማታ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ድንጋይ ቢጠይቁት ከዚህ ሰውዬ የተሻለ ይመልሳል እያልኩ እበግን ነበር።

እንዲሁ ዝም እንዳለ ድንገት ሞተብኝ። ለልጅቷ እንደውልላት ስል ታላቅ ወንድሙ ተቆጣ። «መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር ብትሆንስ? ሰው ተሰብስቦ በወጉ ያርዳት» አለ። ናይሮቢ ያሉት ዘመዶች ተጠራርተው፣ ማለዳ በሯን አንኳኩተው እስኪያረዷት ድረስ እኛ ቀብረን ጨርሰናል። ልጄ ደውላ የተናገረችኝን አልረሳውም። «በሕይወት እያለ አላዋራኝም፤ ሲሞት እናንተ አልነገራችሁኝም። ምን ልሠራ ነው የምመጣው?» አለች። አልመጣችም። ያረዷት ዘመዶች ደግሞ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም አሉኝ። ከቁጣዋ ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ሆቴሌን ለእህቴ ትቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሆቴል ስል ሻይና ፍርፍር የሚበላበት ቤት ማለቴ ነው፤ እኛ ሞያሌ በኬንያ በኩል ያለነው እንዲህ ነው የምንለው። የሄድኩት ልጠይቃት አይደለም፣ ለአባቷ ሙት ዓመት ይዣት ልመለስ ነው። አስፋልቱ ሞያሌ የደረሰበት ሰሞን ስለነበር፣ ድሮ ጭነት መኪና ላይ ተቀምጠን አቧራ እየቃምን የምንሄደውን መንገድ እንቅልፌን ስለጥጥ ጨረስኩት።

ሰፈሯ፣ እውነት ለመናገር፣ ዛፍ በዛፍ ነው። ፀሐይ እንኳ ለመግባት ፈቃድ የምትጠይቅ ይመስላል። አጥሩ ረጅም፣ በሩ ዝግ፣ መንገዱ ላይ ውሻ ከሚያንሸራሽር ሠራተኛ በቀር ሰው የለም። እኛ አገር አንድ ዛፍ ካለ ከሥሩ ሽማግሌ፣ ፍየልና ጫት ሻጭ አይጠፋም። እዚያ ያ ሁሉ ጥላ ማንም ሳይቀመጥበት ይመሻል። አሳዘነኝ።

የመጣሁበትን ጉዳይ ገና በሩ ላይ ነገርኳት። «ነገ እናወራለን እማዬ፣ ዛሬ ጫካውን ላሳይሽ» አለች። እሺ፣ ሄድን። ጫካው በር አለው፣ ተከፍሎ ነው የሚገባው። ገብተን፣ ዞረን፣ ወጣን። ጭራሮ እንኳ ሳንለቅም! ውስጡ ትንሽ ፏፏቴ አለ፤ እሱን ወደድኩት፣ አልዋሽም። በማግሥቱ ስለ ሙት ዓመቱ አፌን ስከፍት ወደ ፈረሶቹ ወሰደችኝ። ልጆች ባርኔጣ አድርገው ፈረስ ላይ ይወጣሉ፣ አንድ ሰው ልጓሙን ይዞ ያዞራቸዋል፣ መጨረሻ የተነሱበት ቦታ ያወርዳቸዋል። «ወዴት ነው የሚሄዱት?» ብላት ሳቀች። ከዚያ በመንገድ ዳር አበባ የሚሸጡትን አሳየችኝ፣ ከዚያ ሥዕል የተሰቀለበት ሻይ ቤት። እኔም ሞኝ አይደለሁም። የሚታይ ነገር ያለቀ ቀን መልስ መስጠት እንዳለባት ታውቃለች፤ ስለዚህ እንዲያልቅ አትፈልግም።

አንድ ጠዋት ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ጦጣ ተቀምጣ አገኘሁ። «በስመ አብ!» ብዬ ጮኽኩ። ልጄ መጥታ መስኮቱን ዘጋችው። «እሷ ናት፣ ዳቦዬን ከነላስቲኩ ወስዳ ዛፍ ላይ ሆና እያየችኝ የበላችው። ያን ቀን እየሳቅኩ ለአባዬ ስነግረው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?»

«ምን አለሽ?»

«እሺ።»

እውነቷን ነው፤ አውቀዋለሁ ሰውዬውን።

ቅዳሜ ዕለት እሷ ገበያ ወጥታ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። በረንዳው ላይ ሆኜ ሳይ ጎረቤት ግቢ ነጭ ድንኳን ተተክሏል። መኪናው መንገዱን ሞልቶታል። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል፤ አንዲት አሮጊት መሐል ተቀምጠዋል፣ የሚመጣው ሁሉ ጎንበስ እያለ ይስማቸዋል። ዘፈን የለ፣ እልልታ የለ። የጎረቤት ለቅሶ እያዩ እግር አጣጥፎ መቀመጥ የት ያለ ነው? ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። የበሩ ዘበኛ ሽበቴን አይቶ ከፈተልኝ። በስዋሂሊ «ፖሌ ሳና» ብዬ አጽናናሁት፤ ግራ ተጋብቶ አየኝ።

ድንኳኑ ውስጥ እንደገባሁ «ወየው! ወየው!» አልኩ። ሟቹን አላውቀውም፤ ግን ለቅሶ ቤት የገባ ሁሉ የሚያለቅሰው የራሱን ነው። እኔም የራሴን ጀመርኩ፦

ዝም ያልክ መስሎን ነው ዝምታህን ለምደን፣
ለካስ ሄደሃል ወይ ሳትናገር ጥለኸን።

ደረቴን እየደቃሁ ስደግመው አንዱ ሱፍ የለበሰ ሰው ቢላዋ እንደያዘ ቆሞ ቀርቷል። የሚቀበለኝ አልቃሽ ጠፋ። ምን ዓይነት ልበ ደረቅ ሰዎች ናቸው ስል፣ ልጄ ከገበያ ስትመለስ ድምፄን ሰምታ ኖሮ እየሮጠች ገባች። ፊቷ በርበሬ መስሏል። ክንዴን ያዘችኝ።

«እማዬ ተነሺ! ምን እየሠራሽ ነው? ልደት ነው! የአሮጊቷ ልደት ነው!»

«ጥቁር ለብሰው?»

«እዚህ ጥቁር ጌጥ ነው! ተነሺ በናትሽ፣ አታዋርጂኝ።»

«ታዲያ ማን ሞቶ ነው?» አልኩ ደንግጬ።

«ማንም አልሞተም!» ብላ ጮኸች። «ማንም አልሞተም» አለች እንደገና፣ አሁን ቀስ ብላ። ሦስተኛ ልትለው አፏን ስትከፍት የወጣው «አባዬ» ነው። ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ዓመት ሙሉ የት እንዳስቀመጠችው የማላውቀው ለቅሶ እዚያ የሰው ልደት ላይ ወጣ። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት አለቀስኩ። አፈርኩ? አዎ አፈርኩ። ግን ደስም ብሎኛል፣ ለምን እዋሻለሁ።

አሮጊቷ ጨዋ ነበሩ። ውሃ አስመጡልን፤ ልጄ እያለቀሰች በእንግሊዝኛ ስታስረዳቸው እጇን ይዘው ሰሙ። ስንወጣ ኬኩን ቆርሰው ጠቅልለው ሰጡን። ማታ በላነው፣ ጥሩ ኬክ ነበር። እየበላን «አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አለችኝ።

በሙት ዓመቱ ቀን ድንበሩን ተሻግረን፣ በኢትዮጵያ በኩል ባለው ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አስደርገን ተመለስን። ቤታችን በር ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር፣ ትክክለኛው ድንኳን። ልጄ ከእኔ ጎን ተቀመጠች። ሰዉን አታውቀውም፤ ከወጣች ቆይታለች። መጀመሪያ የቀረበቻት ከቡቲዬ መንደር ወተት የምታመጣ ሴት ነበረች።

«አንቺ ነሽ ጫካ ውስጥ የምትኖሪው? ያ ፏፏቴ ክረምት ላይ ይሞላል አሉ።»

ልጄ አዎ አለች፣ ግራ ገብቷት። አንድ ደላላ መጥቶ ልጆቹን የሚያዞሯቸውን ፈረሶች ጠየቃት፣ አሁንም አሉ ወይ ብሎ። ከዚያ ከጎዶማ መንደር ከብት የሚያመጡ አንድ ቦረና ሽማግሌ፣ የባለቤቴ የገበያ ወዳጅ፣ በትራቸውን ተደግፈው ፊቷ ቆሙ። አማርኛቸው የገበያ ነው፣ ግን ይበቃቸዋል።

«ልጄ፣ ያቺ ጦጣ ዳቦሽን መለሰች?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?»

«እኔ? ጦጣዋን እኔ ራሴ አንቺ ቤት መጥቼ ነው ያወቅኳት!» አልኩ። ያን ጊዜ ነው ለሁለታችንም የገባን። እኔማ ንድድ አለኝ። ሰውዬው ለጎዶማ ሰው፣ ለቡቲዬ ሰው፣ ለደላላ ሳይቀር አውርቶ ለእኔ «ደህና ናት»! ብሽቀቴና እንባዬ አንድ ላይ መጡ።

«አባዬ ነው የነገራችሁ?» አለች ልጄ።

«ሌላ ማን አለ?» አሉ ሽማግሌው። «ሰኞ ሰኞ ገበያ ላይ ከቦታው አንነሳም ነበር። ያወራናል፣ ያወራናል፣ ከዚያ ያቆማል። ‹ከዚያስ?› ስንለው ‹እሑድ ስትደውል እነግራችኋለሁ› ይለናል። ይኸው ዓመቱን ሙሉ እየጠበቅን ነው።»

ልጄ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ለሽማግሌው ወንበር ሳበችላቸው።

«አልመለሰችም» አለች። «ዛፍ ላይ ወጥታ እያየችኝ በላችው።»