ቃል አላቀብልም ያሉኝ ሴት

የልጅ አስተዳደግ የሚያጠና ሰው ቢሮው ተቀምጦ ባለጉዳይ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። እኔ ረዳት ሆኜ የተቀጠርኩላቸው የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን ቢሯቸው አስፋልት ነው። አመሻሽ ላይ ቃሊቲ፣ የፋብሪካ ሰርቪሶች ሠራተኛ የሚያወርዱበት ቦታ ይቆማሉ። አንዷን እናት ወይም አንዱን አባት ሰላም ይሉና ፌስታሉን ተቀብለው፣ እየተጨዋወቱ እስከ ቤት ይሸኛሉ። ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ወላጅ ከሥራ ውሎ በሩን ከፍቶ ሲገባ ለልጁ መጀመሪያ ምን ይለዋል?

ዋዛ ይመስላል። እኔም በሆዴ ስቄ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሰፈሩም አላመነንም። አንዷ ቤቷን ለማፍረስ የምንለካ መስሏት ግቢዋን ዘጋችብን። ሌላዋ ደግሞ “ዶክተር” ሲባሉ ሰምታ የልጇን ቶንሲል እንዲያዩላት አፉን አስከፍታ አመጣችው። እሳቸው አልሳቁባትም። በስልካቸው መብራት አዩትና “ይሄስ ጤና ጣቢያ ያስፈልገዋል” ብለው አብረዋት ሄዱ። ከዚያ ወዲያ የማይከፈትልን በር አልነበረም።

እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ነው የተወለዱት፤ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ናቸው። ውጭ አገር ተምረው ሲመለሱ ቦሌ ላይ ክሊኒክ ከፍተው መኖር ይችሉ ነበር። “ያ ሁሉ ትምህርት ፌስታል ለመሸከም ነው?” የሚላቸው አይጠፋም። እሳቸው ፌስታሉን ይዘው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። እኔ ብሆን አሳየው ነበር!

ከሁሉ የሚገርመኝ ማንንም ወላጅ “ተሳስተሃል” ሲሉ አለመስማቴ ነው። ልጁን እየተሳደበ ቤቱ የሚገባ አባት እንኳ ቢያጋጥማቸው አጠገቡ ቁጭ ብለው “አንተስ ልጅ ሳለህ አባትህ ሲገቡ ምን ይሉህ ነበር?” ነው የሚሉት። በሚቀጥለው ጊዜ ስንሄድ ሰውየውን ድምፁ ዝቅ ብሎ እናገኘዋለን።

“እኛ ልጆቻችንን በሰው በኩል ነው የምንወደው” ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ልጁ አንደኛ ወጥቶ ሲመጣ አባት “ሂሳብ ለምን አነሰህ?” ይለዋል፤ ከቤት ከወጣ በኋላ ግን ለባለሱቁና ለሰርቪሱ ሹፌር “የኔ ልጅ እኮ!” ሲል ያመሻል። ፊት ለፊት ማሞገስ ልጅ ያባልጋል፣ ለሰው ዓይንም ያጋልጣል ይባላል። ሙገሳውን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ ለልጁ የሚደርሰው ቁጣው ብቻ ነው።

ይህን ሲሉ የኔን አባት የሚያሙ ይመስለኝ ነበር። አባቴን አንቱ ብለን ነው ያደግነው። የባንክ ሥራዬን ትቼ ከዶክተሯ ጋር የሰው በር ሳንኳኳ መዋል ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ሥራዬ አንዲት ቃል ተንፍሰው አያውቁም። ያፍሩብኝ ይሆን እያልኩ እብሰለሰላለሁ። ይህ ሳያንስ አንገታቸው ላይ የነበረው እንቅርት አድጎ ኦፕራሲዮን ታዘዘላቸው። ሐኪሙም ድምፃቸው ላይመለስ እንደሚችል አስጠነቀቀን። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይሄ ነው። ድሮም ቃል የሚሰስቱ ሰውዬ፣ ጭራሽ ድምፃቸውን ሊያጡ! እኔም እንዳፈሩብኝ ወይም እንዳላፈሩብኝ ሳላውቅ ልቀር ነው።

ኦፕራሲዮኑ ሲቃረብ ዶክተሯ አባቴን ሊጠይቁ ቤታችን መጡ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። የአባቴ የሻከረ ድምፅ ሲያወራ፣ ሲያወራ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። እንግዳዬን ስሸኝ በር ላይ ያዝኳቸው።

“ስለ እኔ ነው ያወሩት፣ አይደል?”

“አዎ፣ ስላንቺ ነው።”

“ምን አሉ? ይንገሩኛ!”

“አልነግርሽም። እኔ ቃል አላቀብልም። ይሄን ሁሉ ጊዜ በየሰው በር ላይ የቆምኩት እኔም አቀባይ ልሆን ነው? ሂጂና ራሳቸውን ጠይቂያቸው፤ ድምፃቸው እያለ።”

ደሜ ፈላ። ከአንድ ቃል ምን ይጎድልባቸዋል? ለስንቱ የማያውቁት ሰው የሚራሩ ሴት እኔ ላይ ሲሆን እንዲህ ይጨክኑ? ዛሬ ሳስበው ካደረጉልኝ መልካም ነገር ሁሉ ይሄን የሚያህል የለም። ያን ቀን ግን በሩን በኃይል ዘግቼ፣ ንዴቴ ሳይበርድ አባቴ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

“አባባ፣ ለዶክተሯ ስለ እኔ ምን አሏቸው?”

“አልነገሩሽም?”

“እምቢ አሉኝ።”

“ጨዋ ሰው ናቸው” አሉና ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞሩ። ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም።

ንቅንቅ አላልኩም። ቢቆጡም ይቆጡ ብዬ ቆረጥኩ። አንገታቸውን በእጃቸው ደገፍ አድርገው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ሥራሽ ጥሩ ነው። አኩርተሽኛል” አሉ፣ አሁንም ወደ ቴሌቪዥኑ እያዩ። ለሰሚው ቁጣ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው “በቃሽ?” አሉኝ።

“አልበቃኝም” አልኳቸው፤ እንባዬ ቀድሞኛል።

ደገሙልኝ።