የእማዬ በርበሬና የሲጋር ሳጥኔ

ዛሬ ላንጋኖ፣ የአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ፊት፣ "ሲጋርዎን ይመልከቱ!" ብዬ ሳጥኑን ስከፍት የእማዬ በርበሬ ወጣ!

ከቁራሊዮ የገዛኋቸውን የድሮ የወታደር ጥይት ሳጥኖች ውስጣቸውን በእንጨት እየለበጥኩ፣ እርጥብ ስፖንጅ እየጨመርኩ የሲጋር ማቆያ እሠራለሁ። ክዳናቸው ጎማ ስላለው አየር አያስገባም።

ሥራ አስኪያጁ ከወር በፊት ጥቂት ሲጋር ሰጥቶኝ፣ "በናንተ በአዳማ ሙቀት ወር ቆይቶ ካልደረቀ ትእዛዝ እሰጥሃለሁ" ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያ ደንበኛዬ ሊሆን!

እማዬ ለካ ገና ያልለበጥኩትን አንዱን ሳጥን ለበርበሬዋ ወርሳዋለች። እኔ ጀግናው ደግሞ በጥድፊያ የሷን አንስቼ ሄድኩ። ከውጭ አንድ ናቸው እኮ!

ሰውዬው ደጋግሞ አስነጠሰና "መቼ የተፈጨ ነው?" አለኝ።

"ለፋሲካ ጌታዬ፤ ወራት አልፎታል።"

"አትቀልድ! ሽታው የዛሬ ነው እኮ።" እንደገና አሸተተ። "በቃ ሳጥንህን አምኛለሁ። ሁለት ሥራልኝ፤ አንዱ ለሲጋሩ፣ አንዱ ለወጥ ቤቱ። ይሄኛው ግን ከነበርበሬው እዚሁ ይቅር።"

እየዘለልኩ ለእማዬ ደወልኩ። "እማ፣ ትእዛዝ አገኘሁ!"

"እሰይ የኔ ልጅ! በርበሬዬስ?"

"ሄሎ? ሄሎ? አይሰማም!" ብዬ ዘጋሁት።

እናንተስ፣ የተሳሳተ ዕቃ ይዛችሁ ሄዳችሁ የቀናችሁ አላችሁ? ጻፉልኝ። ዛሬ ቤት የሚያስገባኝ ምክር ያለው ግን ይቅደም!