ሳንቲም የሚበላው ሣጥን

ቅዳሜ ጠዋት በአደባባይ ከሚቃጠሉት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ፣ ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ «የቁማር ማሽን፣ አንድ» የሚል ሳነብ እስክሪብቶ አወጣሁ። መምህር ነኝ፤ ስህተት ሳይ አርማለሁ። ዝርዝሩ የተለጠፈው በቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ስለነበር፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ «ቁማር» የሚለውን ሰርዤ «ጨዋታ» ብዬ ጻፍኩበት። ተሳፋሪ የሚጠብቅ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ «ቲቸር፣ ግድግዳም ታርማለህ እንዴ?» አለኝ። ከአሥር ዜሮ ሰጥቼዋለሁ አልኩትና ሄድኩ።

ያን ማሽን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ያደግኩት ከቦንጋ ወዲያ ባለችው በዋጫ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ለመማር ቦንጋ ገብቼ ቤት ስከራይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት እትዬ ጌም ቤት ነበራቸው። ማሽኑን ያገለገለ ሆኖ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ አስጭነው ነው ያመጡት። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ከውጭ ሲያዩት ቁም ሣጥን ይመስላል። ፊቱ ላይ ጀርባው የተቆለለ የድሮ ቴሌቪዥን ተገጥሞለታል። ከቴሌቪዥኑ በታች ጨዋታውን የሚመራ አንድ ዱላና ስድስት ቁልፎች፣ ከዚያ በታች ደግሞ ሳንቲም የሚገባበት ትንሽ የብረት በር አለ። እኛ ያን በር «አፉ» ነበር የምንለው።

አፉ የተሠራው ለሌላ አገር ሳንቲም ነው። ሳንቲሙ ሲገባ በመጀመሪያ አንዲት ጠባብ መንገድ ስፋቱን ትለካለች፣ ቀጥሎ ትንሽ ሚዛን ክብደቱን ያያል፣ በመጨረሻ ማግኔት ብረትነቱን ይፈትሻል። አንዱን ፈተና የወደቀ በታች በኩል ተመልሶ ይወጣል፤ ማግኔቱ የያዘው ደግሞ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። የእኛ ሳንቲሞች አንዱ ሲጠብ፣ አንዱ ሲቀል፣ አንዱ ማግኔት ላይ ሲቀር፣ እትዬ ከመለዋወጫ ሱቅ ልኩ የሆነ የነሐስ ሮንዴላ ገዙ። ተጫዋቹ ለእሳቸው ይከፍላል፣ እሳቸው ሮንዴላ ይሰጡታል። ለገበያ ከሺሺንዳ የሚመጡ ጎረምሶች ከቆርቆሮ ምስማር ላይ የፈቱትን የብረት ሮንዴላ ሊያሾልኩ ሲሞክሩ ማግኔቱ ያዝ ያደርጋቸዋል። እትዬም በሩን በቁልፍ ከፍተው፣ ሮንዴላውን ከፍ አድርገው አሳይተው፣ ዝናቡ ሳይመጣ ባለቤቱ ይውሰደው፣ አለዚያ ቤቱ ያፈስበታል ይሉ ነበር።

በዚያው ክረምት ማሽኑ ሞተ። ስክሪኑ ጨለመ። እትዬ ለቁራሌ ሊሸጡት ሲስማሙ፣ ጀርባውን ከፍቼ ልየው ብዬ ለመንኳቸው። ውስጡ የጠበቅኩትን ያህል አያስፈራም ነበር። ቴሌቪዥን፣ የኃይል ሳጥን፣ የሽቦ እስር፣ አንድ ቦርድ፤ ይኸው ነው። የሽቦው እስር ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው እንደ ማበጠሪያ በተደረደሩ ሃምሳ ስድስት የመዳብ ጥርሶች ነው። ቆጠርኳቸው፤ የቦንጋ እርጥበት ሁሉንም አጥቁሯቸዋል። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ላጲስ አውጥቼ አንድ በአንድ ፈገፈግኳቸው። መልሼ ስሰካው የጨዋታው ትንሿ አውሮፕላን ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። እትዬ ጀርባውን የከፈትኩበትን ካቻቢቴ ላንተ ይሁን ብለው ሰጡኝ። ፊዚክስ የመረጥኩት የዚያን ቀን ነው።

ለተማሪዎቼ የማሽኑን ታሪክ የማስረዳው እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ የጨዋታ ማሽኖች ኮምፒውተር አልነበራቸውም። ጨዋታው ራሱ ከሽቦና ከትናንሽ ቺፖች የተሠራ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ኳስ በሌላ መንገድ እንድትነጥር የፈለገ ሰው ፕሮግራም አይጽፍም፣ ሽቦ ይቀይራል። ከእነዚያ አንዱ ተበላሸ ተብሎ ባለሙያ ቢጠራ፣ ማሽኑ ደህና ሆኖ የሳንቲም ሣጥኑ ሞልቶ ተገኘ ይባላል። በኋላ ፕሮሰሰር ገባና ጨዋታው ወደ ሜሞሪ ቺፕ ተዛወረ። ያም ሆኖ እያንዳንዱ ፋብሪካ ሽቦውን በራሱ መንገድ ስለሚያስር ጨዋታ መቀየር ማለት ሣጥኑን መበርበር ነበር። ከዚያ ጃፓኖች በአንድ ዓይነት መሰኪያ ተስማሙ፤ ያ በላጲስ የፈገፈግኩት ባለ ሃምሳ ስድስት ጥርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ቦርዱን ነቅሎ ሌላ መሰካት በቃ።

ከሁሉም የምወደው ግን አፉን ነው። ፈተናውን ያለፈ ሳንቲም ሲወድቅ ከቀጭን ሽቦ የተሠራች ምላስ ይጫናል፣ ምላሷ ስዊች ትነካለች፣ ስዊቹ ለፕሮሰሰሩ አንድ ምት ይልካል። ለማሽኑ ሳንቲም ገንዘብ አይደለም፤ አንዲት የኤሌክትሪክ ምት ናት። ስፋት፣ ክብደት፣ ማግኔት፣ ስዊች፤ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ከመዳፍ በማይበልጥ ብረት ውስጥ አለ።

ታዲያ ይህ እንዴት ቁማር ተባለ? በእትዬ ሕግ አክባሪነት ነው። ጎረቤታቸው ያለው ፑል ቤት «ከ18 ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት እንዲለጥፍ ታዘዘ። እትዬ፣ መንግሥት የሚለጠፍ ወረቀት አምጥቷል ሲባል ሰምተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው አንድ ቅጂ አስነሥተው ማሽኑ ግንባር ላይ ለጠፉ። ልጆች መግባታቸውን አላቆሙም፤ እሳቸውም ለማስቆም አላሰቡም። ወረቀቱ ለእሳቸው እንደ ንግድ ፈቃድ ነበር፤ ተለጥፎ መታየቱ ይበቃል። አዋኪ ድርጊቶችን የሚከላከለው ኮሚቴ ለቁጥጥር ሲመጣ፣ የልጆች ጨዋታ ከሆነ ወረቀቱ ለምን ልጆችን ይከለክላል አለ። «ቁማር» ተብሎ ተመዘገበ። ማሽኑ ከሺሻ ዕቃዎች ጋር ተጭኖ ሄደ።

ለኮሚቴው ማመልከቻ ጻፍኩ። ማሽኑ ለትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ እንዲሰጥ፣ እትዬም እንደተስማሙ ገልጬ፣ የክፍሎቹን ዝርዝር በሠንጠረዥ አያይዤ፣ ለርዕሰ መምህራችን ግልባጭ አደረግኩ። ሐሙስ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተጠራሁ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ሠንጠረዡን እስከ መጨረሻው ያነበቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ያነበቡትም ሊያጠምዱኝ ነው።

«ልጄ፣ ተጫዋቹ ሲያሸንፍ ምን ይሰጠዋል?»

«ምንም አይሰጠውም፣ ጋሼ። ቁማር ያልሆነውም ለዚህ ነው።»

ወደ አባላቱ ዞሩ። «ሰማችሁ? ቁማር እንኳ አንዳንድ ቀን ይመልሳል።»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ፤ ጥሩ መልስ ነበር። ቀጥለው ግን ያለ ቀልድ ተናገሩ። ከክፍል እየጠፉ እዚያ የሚውሉ ልጆችን እሳቸው ራሳቸው ስንት ጊዜ በጆሮ ይዘው እንደመለሱ አስታወሱ። ይህ እውነት ነው። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ገንዘብ የሚበላውን አፍ ነቅዬ ካስረከብኩ፣ የቀረውን መውሰድ እችላለሁ።

«አልነቅለውም» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«አፉ ከተነቀለ ቁማር ነበር ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው። እትዬም ቁማር አጫዋች ሆኑ ማለት ነው። ወይ ሙሉውን ስጡኝ፣ ወይ ሙሉውን አቃጥሉት።»

እንግዲያው ቅዳሜ እናቃጥለዋለን አሉኝ።

ስንወጣ ርዕሰ መምህራችን ክንዴን ይዘው አፉ የተያዘው በአራት ብሎን ነው እኮ አሉኝ፤ ዛሬ ፈትቼ ባስረክብ፣ ሰው ሲረሳው ጠይቄ መልሼ ብገጥመው ማን ያያል? ለእኔ አዝነው እንደሆነ ይገባኛል። ግን ተማሪዬ በፈተና እንዲህ ቢያደርግ ወረቀቱን እቀማዋለሁ።

ዓርብ የትምህርት ዕቅዴን አወጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት ለአሥራ አንደኛ ክፍል የማካካሻ ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። «የትምህርቱ ቦታ» በሚለው ፊት «ሜዳ» ብዬ ጻፍኩ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ የሺሻው ክምር ተደርድሮ፣ ነዳጁ በጀሪካን ቀርቦ፣ ማሽኑ በአንድ ጎን ብቻውን ቆሞ ነበር። የተሰበሰበው ሰው ብዙ ነው፤ እትዬም ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ ቆመዋል። ተማሪዎቼን በሁለት ረድፍ ሣሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ደብተር አውጡ አልኩ። የማሽኑን ጀርባ በካቻቢቴ ፈታሁና ክዳኑን ዛፍ ላይ አስደግፌ በጠመኔ ጻፍኩበት፦ አንድ፣ የኃይል ሳጥን።

አንድ የኮሚቴው አባል መጥቶ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ጠየቀኝ። የማካካሻ ክፍለ ጊዜ ነው፣ ጥያቄ ካለ በመጨረሻ አልኩት። ተማሪዎቹ ፊታቸውን ደብተር ውስጥ ቀበሩ፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ መጻፌን ቀጠልኩ። ሁለት፣ የሽቦ እስር። ሦስት፣ ቦርድ። ከዋጫ የመጡ ሁለት ገበሬዎች ጠጋ ብለው ቆሙ። አንደኛው በአካባቢያችን ቋንቋ በካፊኖኖ፣ ይህ ሁሉ ሽቦ የሚያስበው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በካፊኖኖ አስረዳሁት፤ ክፍሉም በዚያው ቀጠለ።

ሰብሳቢው ሺሻውን አስቀድሙ ብለው ሲያዝዙ ሰማሁ። ከጀርባዬ ብርጭቆ ሲሰበርና እሳት ሲያያዝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ክምሩ አመድ ሲሆን ሰብሳቢው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ፤ ከተማሪዎቼ ጀርባ ቆሙ። ከአርባ ዓመት በላይ ያስተማረ ሰው ጠመኔ በያዘ ሰው ንግግር መሐል አይገባም። ነጥብ እስካስቀምጥ ጠበቁኝ።

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም፣ ጋሼ። ገና አፉ ጋ አልደረስኩም።»

«አፉ ስንት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል?»

«እንደ ተማሪው ነው።»

እትዬ ከኋላ ሆነው፣ ልጁ ያስተምር፣ ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ከነደደም ወረቀቴ ይንደድ አሉ። የተሰበሰበው ሰው አጉረመረመ። ሰብሳቢው ክዳኑ ላይ የጻፍኩትን አንብበው፣ «ፕሮሰሰር» ላይ የረሳሁትን ፊደል በጣታቸው አሳዩኝ፤ አረምኩት። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረው አስጻፉ፦ ማሽኑ እንዳለ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ በትምህርት ቤቱ ይቆይ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ይወገድ።

በሁለት አጣና ላይ አጋድመን፣ እንደ ሕመምተኛ ተሸክመን ዳገቱን ወጣን። ሰኞ ዕለት ተማሪዎችን ያለ ፈቃድ ከግቢ በማውጣቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ፈርሜ ተቀበልኩ፤ አልተከራከርኩም፤ ደግሜም አደርገዋለሁ።

ዓመታዊ ዕቅዱን የማወጣው እኔ ነኝ። ኮሚቴው በየሴሚስተሩ መጨረሻ ትምህርቱ አልቆ እንደሆነ በደብዳቤ ይጠይቀኛል። ባለፈው ወር፣ ገና ስዊቹ ላይ ነን፣ ማግኔቱን ደግሞ ክፍሉ ስላልያዘው እንከልሰዋለን ብዬ መለስኩ።