የእትዬ ዓለሚቱ ዲኤክስ ጭስ

ወጋየሁን የማያውቅ የመካኒሳ ሹፌር ካለ፣ መኪና የገዛው ትናንት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ጋራዥ፣ እዚያው ቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ በሰማያዊ ቱታ የኖረ መካኒክ ነው። ዝናው ደግሞ በመሀረቡ ነው። መኪና ታማ ስትመጣለት መጀመሪያ ኮፈን አይከፍትም፤ ከኋላ ይዞርና ነጭ መሀረብ አጣጥፎ የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ይይዛል። ከዚያ መሀረቡን ያያል፣ ያሸታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይፈርዳል። «ዘይት ትበላለች።» «ውሃ ገብቶባታል።» «ቤንዚን በዝቶባታል።» አይስትም ነበር። በዚህ የምትማረር ሚስቱ ጸሐይወርቅ ብቻ ናት፤ መሀረቡን የምታጥበው እሷ ናታ!

እንግዲህ እንዲህ ካለ ሰው ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሬድዋን የሚባል የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ አምና ጋራዥ ከፈተ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ለደንበኛ ሶፋ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጭስ መለኪያ ማሽን። ቱቦውን ጭስ ማውጫው ውስጥ ይከትታል፣ ማሽኑ ቁጥር ይጽፋል፣ አለቀ። መሀረብ የለ፣ ማሽተት የለ። ወጋየሁ ያን ማሽን ባየ ቁጥር ሆዱ ይነድዳል። ሬድዋን ጠዋት ጠዋት ከማዶ ሆኖ «ጋሼ ወጋየሁ፣ እንደምን አደሩ?» ሲለው እንኳ የሚያሾፍበት ይመስለዋል።

የሱ የብቻው የሆነች አንዲት መኪና ግን ነበረችው፤ የእትዬ ዓለሚቱ ዲኤክስ። ከወጋየሁ ልጆች በዕድሜ የምትበልጥ አሮጌ ቶዮታ ናት። እትዬ ዓለሚቱ በሶና ሽሮ አስፈጭታ ላፍቶና ሀና ማርያም ላሉ ሱቆች የምታከፋፍለው በሷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከወጋየሁ በቀር ኮፈኗን የከፈተ ሰው የለም። ዘንድሮ ለቦሎ ምርመራ ስትወስዳት ጣሏት። ጭሷ ከሚፈቀደው በላይ ነው ተባለ።

ወጋየሁ መሀረቡን ያዘ። ጥቁር፤ ቤንዚን ቤንዚን የሚል። «ቤንዚን በዝቶባታል፤ ካርቡራተሯ ነው» ብሎ ፈረደ። ካርቡራተሩን አወረደ፣ አጠበ፣ ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ ሚኒሞውን አስተካከለ። ሄደች፤ ወደቀች። እንደገና አወረደ፣ እንደገና አጠበ። ሄደች፤ ወደቀች። በመጨረሻ «ማሽናቸው ነው የተበላሸው» አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

እትዬ ዓለሚቱ ግን ጊዜ የላትም። የቦሎው ቀን ሊያልፍ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ካለፈ መኪናዋ ትቆማለች፤ መኪናዋ ከቆመች ሱቆቹ ሌላ አከፋፋይ ይይዛሉ።

«ወጋየሁ፣ አትቀየመኝ» አለችው ቁልፏን እያሻሸች። «ለዚያ ልጅ ላሳያት ነው። ከእንግዲህ ደግሞ በሽታዋን ያገኘልኝ ሰው እሱው ይያዛት። በዚህ ዕድሜዬ ሁለት ጋራዥ መመላለስ አልችልም።»

«እንደፈለግሽ» አለ። ዲኤክሷ ጥቁር ጭሷን እየተፋች መንገዱን ስትሻገር ቆሞ አያት።

ቅናት እንዲህ ነው ለካ! ሚስቱን የቀሙት ሰው እንኳ እንዲህ አይሆንም። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና ማዶ ማዶውን ማፍጠጥ ያዘ። እትዬ ዓለሚቱ ሶፋው ላይ ተደላደለች። ሳቀች! የምን ሳቅ ነው? ሃያ ሁለት ዓመት እሱ ጋ የዘይት ጀሪካን ላይ ስትቀመጥ እንዲህ ስቃ ታውቃለች? ባሏ የሞተ ዕለት መኪናዋን ከሆስፒታል ደጅ ነድቶ ቤቷ ያደረሰላት ማን ነው? ሬድዋን ነው? ሬድዋን ያኔ ንፍጡን መች ጠረገና! ወጋየሁ ጸሎተኛ ሰው ነው፤ እሑድ ከቸርች ቀርቶ አያውቅም። ያን ዕለት ግን «ጌታ ሆይ፣ ያን ማሽን አበላሽልኝ» እያለ ሲጸልይ ራሱን ያዘው። አፈረ። ትንሽ ቆየና ደግሞ «ቢያንስ መብራት አጥፋበት» አለ።

መብራት አልጠፋም። ሬድዋን ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ፤ ብዙ ቆየ። ቀና ብሎ ወደ ወጋየሁ ጋራዥ ተመለከተ። እንደገና ጎንበስ አለ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ጋሼ ወጋየሁ፣ አንዴ ቢመጡልኝ? ግራ ገባኝ። ማሽኑ የሚነግረኝ ቁጥር ብቻ ነው።»

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ! ግን ወዲያው አልተነሳም። ቱታውን አራገፈ፣ እጁን ታጠበ፣ ውሃ ጠጣ፣ የማያስፈልገውን ካቻቢቴ ፈልጎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ ተሻገረ።

ሞተሩ በርቷል፤ ማሽኑ ቁጥሩን በቀይ ጽፏል።

«ቤንዚን በዝቶባታል» አለ ሬድዋን። «ካርቡራተሯ ግን እንከን የለውም። የሠራው ሰው እጁ ይባረክ። እንግዲህ ምናልባት ያነሳት አየር ከሆነ... መኪናዋን የሚያውቋት እርስዎ ነዎት፤ ፊልትሮዋን ቢያዩልኝ።»

ወጋየሁ እጁን ወደ አየር ፊልትሮው ጣሳ ሲዘረጋ አንድ ነገር ልቡን ሽው አለው። ካርቡራተሩን ባወረደ ቁጥር ይህን ጣሳ እንዳለ አንስቶ ወደ ጎን ያስቀምጠው ነበር እንጂ አልከፈተውም። ልቡ ካርቡራተሩ ላይ ነው፤ የጣሳ ነገር ማን ትዝ ብሎት! ክዳኑን አነሳ። ፊልትሮው ዙሪያውን በሻሽ ተጠቅልሏል። የጸሐይወርቅ ሻሽ! የሀና ማርያም መንገድ ተቆፍሮ አቧራው መድረሻ ባሳጣ ጊዜ፣ ፊልትሮው ቶሎ እንዳይደፈን ብሎ የሚስቱን አሮጌ ሻሽ ዘይት አስነክቶ የጠቀለለው ራሱ ነው። ያኔ ለስንቱ መኪና እንዲህ አድርጓል! መንገዱ አስፋልት ከሆነ ሁለት ዓመቱ፤ የሌሎቹን አወጣ፣ የሷን ረሳ። ሻሹ አቧራ ጠጥቶ እንደ ጭቃ ደርቋል። መኪናዋ ታፍና ነው የከረመችው።

ወይ ነዶ!

ጎትቶ አወጣው። ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር ወረደ፣ ወረደ፣ አረንጓዴ ሆነ።

«እሰይ!» እትዬ ዓለሚቱ ከሶፋው ዘላ ተነሳች። «ወጋየሁ ነዋ! ድሮም ካንተ ሌላ ማን አለኝ! አየህ ልጄ፣ ማሽን ብቻውን ምን ይፈይዳል?»

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ» አለ ሬድዋን።

ወጋየሁ ዓመት ሙሉ ሊሰማው የጓጓው ቃል ይኸው ነበር። እየሳቀ ክዳኑን ሊመልስ ሲል ግን ዓይኑ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ክዳኑ ላይ በተጋገረው አቧራ አራት ትኩስ ጣቶች ታትመዋል። የሱ አይደሉም፤ እሱ የያዘው በጠርዙ ነው። ቀና ብሎ ሬድዋንን አየው። ሬድዋን ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ።

ከፍቶታል። ሻሹን አይቶታል። መልሶ ከድኖ ነው የጠራው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

እትዬ ዓለሚቱ ሞተሩን አጥፍታ ቁልፏን ዘርግታለታለች። ዝም ብሎ ቢቀበላት ዲኤክሷ የሱ ናት። ደሙ ግን ፈላ። ማሽኑ ይብለጠኝ፣ እሺ። ሶፋው ይብለጠኝ። በደግነትም ይብለጠኝ እንዴ?

«ተይው!» ብሎ ጮኸ። «በሽታዋን ያገኘው እሱ ነው! ሻሹ የጸሐይወርቅ ነው፤ የጠቀለልኩትም እኔ፣ የረሳሁትም እኔ! ከኔ በፊት ከፍቶ አይቶታል። ቁልፉን ለሱ ስጪው!»

የእትዬ ዓለሚቱ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል፣ ሰውዬ? ልጁ ምን በደለህ?»

ወጋየሁ ሻሹን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዞ ሬድዋንን አየው፣ እሷን አያት።

«ምንም» አለ። «ምንም አልበደለኝም። ይኸው እኮ ነው የሚያንገበግበኝ!»